ኦጋስታ ፔል ስትሞት የሚስቁት

ኦጋስታ ፔል ዕድሜዋን በቴአትር መድረክ ላይ ስትጮህ ኖራ ሆሊውድ የገባችው ፊልም ገና ድምፅ ሳያወጣ ነው። «ያለኝን አንድ ነገር በር ላይ ጥዬ ገባሁ» ትል ነበር፣ በራሷ ስታሾፍ።

የቀራት እጇ ነበር። ከአዳራሹ መጨረሻ ለተቀመጠ ሰው እንዲታይ ሆኖ የሠለጠነ እጅ ስለሆነ ካሜራ ፊት ሲወናጨፍ የባልደረቦቿን ባርኔጣ ይጥላል።

ስቱዲዮው የሚሞቱ እናቶችን ሰጣት። በሳንባ በሽታ ሞተች፤ በጎርፍ ሞተች፤ አንዴ ባቡር ገጫት። «በመኖር ይበልጡኝ እንደሆነ እንጂ በመሞት ማንም አይበልጠኝም» ትላለች። ዳይሬክተሩም አያስቸግራትም። «አፍሽን አንቀሳቅሺ፣ ቃሉን እኛ እንጽፈዋለን» ይላታል። ስክሪኑ ላይ «ልጄ፣ ይቅር ብዬሃለሁ» የሚል ጽሑፍ ሲወጣ ሴቱ ሁሉ መሐረብ ያወጣል።

አንድ ቀን የስቱዲዮው ኃላፊ ሚስተር ብራኒጋን አስጠራት።

«ኦጋስታ፣ በአዲሱ ፊልም ልጅሽ ክንድ ላይ ስትሞቺ ሰው ይስቃል።»

«የትኛው ሰው?»

«ሜይን ስትሪት ያለው ሲኒማ ቤት፣ ከፊት ረድፍ ይጀምራሉ። ሳቅ እንደ ጉንፋን ነው፣ ሌላውም ይያዛል። እንዲህ ከቀጠለ ውልሽን አላድስም። የምትሞት እናት እንደሆነ ሎቲ ክሬን አለችልኝ።»

ሎቲ ክሬን! ለኦጋስታ ሁሉም ነገር በራላት። ሎቲ በቴአትር ዘመኗ ከከተማ ከተማ የተከፈለው አጨብጫቢ ይዛ ትዞር ነበር። አጨብጫቢ ያሰለፈች ሴት ሳቂ ማሰለፍ ምን ያቅታታል?

በማግሥቱ ፊቷን በሻሽ ሸፍና ከሰዓት በኋላ ሲኒማ ቤት ገባች። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ከፊቷ አንድ ሪዛም ሰውዬና ጓደኞቹ ረድፉን ሞልተውታል። ፊልሙን የሚያጅበው ፒያኖ መቺ ጆሯቸው ሥር ቢደበድብም ቅር ያለው የለም።

ኦጋስታ ስክሪኑ ላይ መሞት ጀመረች። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ሪዛሙ ጭኑን መትቶ ሳቀ። ረድፉ ሙሉ ተከተለው። ከኋላ ስታለቅስ የነበረች ሴትዮ ሳትቀር መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ ፈነዳች።

ይባስ ብለው እርስ በርስ እጃቸውን ያወናጭፉ ጀመር። ወደ ግንባር፣ ወደ ደረት፣ ወደ አየር። ኦጋስታ ያንን እጅ አወቀችው። የራሷ ነው።

«እኔን ማስመሰላቸው ነው» አለች በልቧ። «ደግሞ ከእኔ ይሻላሉ።»

መብራት ሲበራ ከኋላቸው ቆመች።

«ማነው የላካችሁ?»

ማንም አልዞረም።

ድሮ ዴንቨር ከተማ የቴአትር አዳራሽ መስኮት ባርገበገበው ድምጿ ደገመችው። «እናንተ! ማነው የላካችሁ አልኩ!»

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያት። የፊት ረድፎቹ ግን ኮታቸውን ቀስ ብለው ይለብሳሉ። መድረክ ላይ በቲማቲም ስትመታም እንኳ እንዲህ ተንቃ አታውቅም። ዞራ ፊት ለፊታቸው ቆመችና ሻሿን ገለጠች።

ሪዛሙ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። ባርኔጣውን አውልቆ እጇን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው። ዓይኑ በደስታ እንባ ሞላ። ከዚያ እጁን እያፈራረቀ አንድ ነገር አሳያት። በዚያው ጊዜ ከበሩ በኩል የመጣች ሴት አጠገቡ ቆማ ፈገግ አለች።

«ወንድሜ ነው፣ ሚስ ፔል። እርስዎን ማየት ሕልሙ ነበር። ሁሉም ማተሚያ ቤት አብረውት የሚሠሩ ናቸው። ከእኔ በቀር አንዳቸውም አይሰሙም።»

የኦጋስታ ንዴት መሄጃ አጣ።

«ሎቲ ክሬን አልላከቻቸውም?»

«ማናት እሷ?»

«እሺ፣ ታዲያ እናት ስትሞት ምኑ ያስቃቸዋል?»

ሴትዮዋ ፊቷ ቀላ። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ከንፈር ያነባሉ። እርስዎ እኮ ‹አንተ በሬ፣ ጉልበትህን ከሆዴ ላይ አንሣ፤ ምሳዬን ባቄላ ነው የበላሁት› ብለው ነው የሞቱት።»