አራት ማቀፊያዎች

ግንቦት ፲፬ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም. ነው፤ ሰባ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዓይኔ ደክሞ፣ ቤሩት በሰው ቤት የምትሠራውን ልጄን እልፍነሽን በስልክ ማየት ስለተሳነኝ፣ በጠባቧ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ሰፊ ስክሪን ያለው ኮምፒውተር መገጣጠም ጀምሬ ነበር። ሙያውን የተማርሁት ከጡረታ በኋላ ብቻዬን ነው። ዕቃዎቹን ግድግዳው ላይ የሚይዙትን አራት የፕላስቲክ ማቀፊያዎች ጎረቤቴ መምህር ደጀኔ ቤቱ ባለችው፣ ፕላስቲክ አቅልጣ ዕቃ በምታወጣ ማተሚያ ሊሠራልኝ ቃል ገባ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዱ ጠበበ፣ ሌላው ተሰነጠቀ እያለ አመላለሰኝ። የእልፍነሽም ስልክ አይነሣም ነበር።

«አንተ ሰው፣ በቁሜ ታደርስልኛለህ ወይስ ለሙት ዓመቴ ነው?» አልሁት።

«ኧረ ጋሼ! ወንድምዎ ከደብረ ታቦር ይምጡና አብረን እንሰቅለዋለን» አለኝ አቀርቅሮ።

ግንቦት ፲፬ ማለዳ መታገሥ አቅቶኝ ዕቃዎቹን በሽቦ አሰርኋቸው። ኮምፒውተሩ በራ። ወደ ልጄ ስደውል በሩ ተከፈተ። ወንድሜ፣ ደጀኔና የእድሩ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ።

«ጋሼ፣ ያጥፉት» አለ ደጀኔ።

አራቱም ማቀፊያዎች ቀድመው ታትመው እንደነበር የነገረኝ ከሠልስቷ በኋላ ነው። ልጄ ያረፈችው ሚያዝያ ፳፪ ይመስለኛል፤ ተሳስቼ ከሆነ፣ ከእኔ በፊት የሰማችሁ ጎረቤቶቼ አርሙኝ።