የሳልጌ ልጅ

የድንጋይ ከሰል ጉድጓዱ ጣሪያ ሲናድ ማይኖ የተሸከመችውን ቅርጫት ጥላ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ጓደኛዋ ሳልጌ ከወገቧ በታች በድንጋይ ተቀብራ መሬቱን በጥፍሯ ትቧጥጥ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሕንድ የጃሪያ ከሰል ማውጫ ያሉትን ወንዶች ለአየር ማረፊያ ሥራ ወስዶ ከሰሉን ለሴቶች ትቶት ስለነበር፣ በዚያ ጥግ ከሁለቱ በቀር ሰው አልነበረም። ማይኖ ድንጋዩን በትከሻዋ ገፋችው፤ አልነቃነቅ አላት። ከበላያቸው የጣሪያው ድጋፍ ተሰነጠቀ።

"ውጡ፣ የቀረውም ሊወርድ ነው" አለ አለቃው ከሩቅ።

"ሂጂ" አለች ሳልጌ።

"ዝም በይ፤ አብረን ነው የምንወጣው።"

"አንቺ ሞኝ፣ ሁለታችንም እዚህ ብንቀር ማንን ይጠቅማል? ልጄ ከጠዋት ጀምሮ አልጠባም። ያንቺ ጡት ደግሞ ገና አልደረቀም።"

ማይኖ የራሷን ልጅ የቀበረችው ባለፈው ሳምንት ነበር። ይህን ማንም ደፍሮ አንስቶባት አያውቅም። የሳልጌን እጅ ይዛ አልለቅ አለች። ሳልጌ የማይኖን ጣቶች አንድ በአንድ ከእጇ አላቀቀች።

ማይኖ ከጉድጓዱ አፍ ስትደርስ ከኋላዋ ምድር ተናወጠ።

ሕፃኑ ዛፍ ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ ያለቅስ ነበር። ባዕድ ናት ብሎ እንዳይገፋት ሰግታ፣ ሳትታጠብ አንስታ አቀፈችው። ገላዋ እንደ እናቱ ከሰል ከሰል ይሸት ነበርና፣ ሕፃኑ ሳያንገራግር ጡቷን ጎረሰ።