የድኩላዋ ቀኝ እግር

ጫማ ሰፊው ጎንበስ ብሎ ጭቃው ላይ ያለውን ሦስተኛ ዱካ በአውራ ጣቱ ለካ። አስጎብኚው ከፊት ሆኖ «ቀስ በሉ፣ ድኩላዋ አሁን ነው ያለፈችው!» ሲል ጎብኚዎቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ቆሙ። ጫማ ሰፊውን ጎትታ ያመጣችው ሴት ልጁም ፎቶ ማንሳቱን ተያይዛዋለች። ጫማ ሰፊው ግን አርባ ዓመት ሙሉ የሰው እግር ሲለካ የኖረ ነው፤ እንዲህ በቀላሉ አይሸወድም። ወንዙ ዳር ያየውም፣ ግራሩ ሥር ያየውም፣ ይኼኛውም ቀኝ እግር ነው። ሦስቱም ጫፋቸው ጋ እኩል ተሸርፈዋል። «በአንድ እግሯ እየዘለለች ነው እንዴ የምትሄደው?» አለ በሆዱ።

ሌሎቹ አስጎብኚው ያሳያቸውን የዛፍ ልጣጭ እየተቀባበሉ ሲያሸቱ፣ አስጎብኚው ብቻውን ወደ መንገዱ መታጠፊያ ቀደመ። ጫማ ሰፊው ኮቴውን አጥፍቶ ተከተለው። ሰውየው ተንበርክኮ፣ ዱላ ጫፍ ላይ የታሰረ የደረቀ ሰኮና ጭቃው ላይ ሲያትም ደረሰበት።

«አንተ አጭበርባሪ!»

አስጎብኚው አልሸሸም። ሰኮናውን በሸሚዙ እጅጌ ቀስ አድርጎ ጠረገው። «የመጨረሻዋ እሷ ነበረች፣ አባባ። አምና ወጥመድ ውስጥ ሞታ አገኘኋት። ሊያያት የሚመጣ ሰው ከጠፋ ጫካውን ለጣውላ ነጋዴ ይሰጡታል።»

«አባዬ፣ አገኛችኋት እንዴ?» አለች ልጁ ከኋላ።

ጫማ ሰፊው ሰኮናውን ተቀብሎ አገላበጠው። ከዚያ ኮቱ ውስጥ ሸጎጠው።

«አዎ ልጄ፣ ድምፅ ሳታሰሙ ኑ!» ብሎ ጮኸና ወደ አስጎብኚው ጆሮ ጠጋ አለ።

«ግራውን እኔ እሠራልሃለሁ።»