የተቆረጠው ስፒና

ያንን ወፍራም ባለሦስት እግር የለንደን ስፒና ሶፋው ሥር ወድቆ ያገኘሁት ልጄ ትርሲት ከሄደች በኋላ ነው። ገመዱ ከሥሩ ተቆርጧል።

በኤሌክትሪክ የሚሞቀው ብርድ ልብሳችን ስፒና ነው። ብርድ ልብሱን ከለንደን በሻንጣ አምጥተነው፣ ስፒናው እዚህ አሜሪካ ሶኬት ውስጥ አልገባ ብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ዛሬ ትርሲት ሲልቨር ስፕሪንግ የሰው ቤት ሥር ያለ ቤዝመንት ተከራይታ ወጣች፤ እሱንም ይዛው ሄዳለች። ቆርጦ የአሜሪካ ስፒና የገጠመላት በታክሲው ያደረሳት ጎረቤታችን ዋለልኝ መሆን አለበት።

ደወልኩ።

«ንቀዪው!» አልኳት፣ ገና ሄሎ ሳትል።

«ማሚ? ምኑን?»

«ብርድ ልብሱን! ፊውዙ ያለበት ስፒና እኔ እጅ ላይ ነው።»

«ጋሼ ዋለልኝ ፊክስ አድርገውታል። እዚህ ስፒና ውስጥ ፊውዝ የለም፣ ኃይል ሲበዛ መብራቱን የሚያጠፋው ብሬከር ይበቃል ብለዋል።»

«ብሬከሩ የግድግዳውን ሽቦ ነው የሚጠብቀው። ይቺን ቀጭን ገመድ ማን ይጠብቃታል? ተኝተሽ ብትቃጠዪስ?»

ይህን ያስረዳኝ የለንደን ቤታችንን ይጠግን የነበረው ሰው ነው። እዚያ የሶኬቱ ሽቦ ቤቱን ዞሮ ወደ ተነሣበት ይመለሳል፤ ኃይሉ በሁለት በኩል ስለሚመጣ ብዙ ይሸከማል። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ስፒና የራሱ ትንሽ ፊውዝ ያለው። «ክፋቱስ?» አልኩት። እኔ መቼም ክፋቱን ሳልሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሽቦው አንድ ቦታ ቢበጠስ መብራት አይጠፋም አለኝ። ሁሉም ይሠራል፤ የቀረው ሽቦ ብቻውን ተሸክሞ ይግላል፤ ማንም አያውቅለትም።

ከዚያ ወዲህ ከመተኛቴ በፊት ግሎ እንደሆነ ግድግዳ እዳስስ ነበር። ትርሲት ትስቅብኝ ነበር።

አሁንም ሳቀች። «ማሚ፣ ሊሰን። እንኳን ሊያቃጥለኝ ሊያሞቀኝም አልቻለ። የዚህ አገር መብራት ጉልበቱ የለንደንን ግማሽ ነው። ኮቴን ለብሼ ነው የተቀመጥኩት።»

እሳቱን ስፈራ ብርዱን ረስቼዋለሁ።

«ጋቢዬን ላምጣልሽ?»

«በምን? በባስ?»

«እንግዲያው ዛሬን እዚህ እደሪ። ነገ ትሄጃለሽ።»

ከበላይዋ የአከራዮቿ ልጆች ሲሮጡ ይሰማኛል።

«ዛሬ ከመጣሁ ነገም አልሄድም፣ ማሚዬ» አለች፣ ቀስ ብላ።

እውነቷን ነው። እኔም ይህንኑ ነበር የፈለግኩት።

«ነቀልሽው?»

«ነቀልኩት።»

«በርሽንስ?»

ስልኩን አስቀምጣ ሄደች። ቁልፉ ቀጭ ሲል ሰማሁ። «ቆለፍኩ። አንቺም ቆልፊ፣ እሺ?»

«እሺ።»

ትርሲት ከሥራ አምሽታ ትገባ ስለነበር፣ የበሩን ሰንሰለት ከውስጥ አስገብቼው አላውቅም። ሕንጻውን ሲቀቡ አብረው ቀብተውት ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል። በጥፍሬ ፈልቅቄ አላቀቅኩትና አስገባሁት።