የቦኖው ምረቃ

የገጠር ልማት ኃላፊው ዋቅቶላ ሪባኑን ቆርጦ የአዲሱን ቦኖ ቧንቧ ሲከፍት ውሃው እየተንፎለፎለ ወረደ። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ እንጦጦ ጋራ ላይ ያለችው የገበሬዎች መንደር በእልልታ ቀለጠች። እሱ ግን ቀና ብሎ ሰው ማየት አቃተው። የውሃ መስመሩ ገና አልተዘረጋም። ውሃው ጠዋት በቦቴ መጥቶ ሮቶው ውስጥ የተገለበጠ ነው፤ ሪፖርቱ ላይ «ተጠናቋል» ብሎ የፈረመውም ራሱ ነበር።

አንዲት አሮጊት ጀሪካናቸውን ከቧንቧው ሥር አስቀምጠው እጁን በሁለት እጃቸው ያዙና ሳሙት። «ከእንግዲህ ውሃ ፍለጋ ቁልቁለት መውረድ ቀረልን። ዕድሜ ይስጥህ ልጄ!» አሉት። እጁን ሊያስለቅቅ ሞከረ፤ አልለቀቁትም። ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ «እማማ፣ ዛሬ ያለዎትን ዕቃ ሁሉ ይሙሉ» አላቸው።

«ምን አልከኝ? ጆሮዬ አይሰማም፤ ጮክ በል!»

በሌላኛው እጁ የያዘው ማይክሮፎን አልጠፋም ነበር። ካሜራ የያዘው የቢሮው ባልደረባ ፈገግ እንዲል ምልክት ሰጠው። ዋቅቶላ ፈገግ አላለም።

«ውሃው በቦቴ የመጣ ነው፣ እማማ» አለ፤ ድምፁ መንደሩን አዳረሰው። «መስመሩ አልተሠራም። ይህ ካለቀ ሌላ የለም።»

እልልታው ተቋረጠ። ዋቅቶላ ስድብ ጠበቀ፤ ድንጋይም ጠበቀ። የሰደበው ሰው አልነበረም። አሮጊቷ እጁን ለቀቁትና ወደ ሕዝቡ ዞረው «ኧረ ሳያልቅ ጀሪካን አምጡ!» ብለው ተጣሩ። ሰዉም አንዴ እንኳ ሳያየው በአጠገቡ እያለፈ ወደየቤቱ ሮጠ።