የተሰፋው ቅል

እልፍነሽ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ልጇን ኤርጎን በሆዷ ይዛ። የምስክር ወረቀቷን ግድግዳ ላይ በለጠፈች በዓመቱ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ወንድይፍራው አስጠራት።

«ማንበብና መጻፍ ትችያለሽ አይደል?»

«እንደ ነገሩ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ይበቃል። ቤትሽን የተከራየው ሰውዬ ምን ምን እንደሚሠራ በየሳምንቱ ጽፈሽ ታመጪያለሽ። ለሕፃኑ የዱቄት ወተት ከሱቁ ይሰጥሻል።»

እምቢ ማለት አማራት። ግን ባሏ ተገኝ፣ ጫማ ሰፊው፣ የውትድርና ምልመላ ሲመጣ ከጂንካ የጠፋ ሰው ነው። ለጠየቃት ሁሉ «አርባ ምንጭ ጥጥ ለቀማ ሄዷል» ትላለች። እንዲህ እያለች የምትኖር ሴት ለሊቀመንበር እምቢ አትልም። እሺ አለች።

ተከራዩ ንጉሤ ይባላል፤ ጂንካ የመጣው የአካባቢውን ዕቃ ሊሰበስብ ነው። አዲስ አበባ ሥዕል ተምሮ ጨርሷል፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ውጭ አገር ሊሄድ ተመርጧል። የሚማረው ሥዕልና ዕቃ ሰብስቦ ለሕዝብ ማሳየት ነው። ይህን ስትሰማ እልፍነሽ ሳቀች።

«ዕቃ መደርደርም ዲግሪ አለው እንዴ? እኔስ በየቀኑ የምደረድረው!»

«አንቺ ካርድ አትጽፊበትማ» አላት እሱም እየሳቀ።

እውነቱን ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ካርድ በክር ታስሮበታል፤ ከዱስ መንደር ያመጣው የእንጨት በርኩማም፣ የአርቦሬዎቹ ዶቃም። ማን ሠራው፣ የት፣ መቼ።

«ካርድ ከሌለው ዝም ብሎ ዕቃ ነው» ይላል። «ካርድ ሲኖረው ማስረጃ ይሆናል።»

ለጉዞው የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቀበሌ የድጋፍ ወረቀት። እስከ መስከረም ካልደረሰለት ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

አንድ ቅዳሜ ንጉሤ አውሮፕላን ማረፊያው ዳር ተቀምጦ ሲስል ዋለ። አውሮፕላን የማይመጣበት ቀን ስለነበር ሜዳውን የሞሉት ላሞች ናቸው። የሳለውም እነሱን ነው። እልፍነሽ በዚያ ሳምንት «አውሮፕላን ማረፊያውን ሳለ» ብላ ጻፈች። ላሞቹን ልትጨምር ነበር፤ ኤርጎ አለቀሰባት፣ ወረቀቱም አለቀባት፣ ተወችው።

ማረፊያ የሚስል ሰው ሰላይ ነው ተብሎ ይጠረጠራል፤ ከዚያ ወዲህ የንጉሤ ነገር ባለበት ቆመ። ቀበሌ በሄደ ቁጥር «ነገ ና» ይሉታል። እሱ ሲመለስ እሷ ዓይኑን ማየት ያቅታታል። ኤርጎ ሳል ይዞት የነበረ ጊዜ ለማንም ሳትናገር ቤት ዘግታ ስትጨነቅ፣ ሰምቶ ሽሮፕ ገዝቶ የመጣው ይኸው ሰው ነው። አሁን የዱቄት ወተቱን ስትበጠብጥ፣ የሰው መንገድ ዘግቼ ነው ልጄን የማጠጣው፣ ትላለች በሆዷ።

ወረቀቷን ልታደርስ ስትሄድ ወንድይፍራው፣ «የሕፃኑ ሳል ተሻለው?» አላት።

«ተሻለው፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

ስለ ላሞቹ ልትናገር አፏን ከፈተች። ፈራች። ወረቀቷን ሰጥታው ወጣች።

ነሐሴ ላይ አበዛሽ የምትባል ማር ነጋዴ ሃና ከሚባለው ከተማ መጣች። አንድ ቅል ማር አቀበለቻትና፣ «ከሰውዬሽ ነው» ብላ በጆሮዋ ነግራት ሄደች። ቅሉ ከአፉ እስከ ሆዱ ተሰንጥቆ በቆዳ ክር ተሰፍቷል። እልፍነሽ ማሩን ወደ ገንቦ ስትገለብጥ ንጉሤ ከበሩ ላይ አየው።

«እስቲ አሳዪኝ! ይሄን ማን ሰፋው?»

«ምኑን ያዩታል ጋሽ ንጉሤ፣ የተሰበረ ቅል!»

«ውበቱ ስፌቱ ላይ ነው። ተመልከች፣ ሁለት ሁለቴ እያጠላለፈ ነው የሄደው። የጫማ ሰው እጅ ይመስላል።»

እልፍነሽ አመነታች። በወረቀት የበደለችው ሰው ፊቷ ቆሟል። ላሞቹን ልትነግረው ድፍረት የላትም፤ ሌላ እውነት ግን አላት። በደሏን በዚህኛው እውነት ልትክሰው ፈለገች።

«ተገኝ ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የኤርጎ አባት። አደራ፣ ለማንም እንዳይነግሩብኝ።»

«ለማን እነግራለሁ? መቼ ነው የሰፋው?»

«ባለፈው ሳምንት። እዚያው ሃና።»

ቅሉንም እንካ ብላ ሰጠችው። ከስንት ጊዜ በኋላ ልቧ ትንሽ ቀለል አላት።

ትንሽ ብቻ። ላሞቹ አሁንም ደረቷ ላይ ነበሩ። ሰኞ ኤርጎን አዝላ፣ የምትለውን በመንገድ ሙሉ እያጠናች ቀበሌ ሄደች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አጥፍቻለሁ» አለች ገና ከበሩ። «ሰውየው የሳለው ማረፊያውን አይደለም። ላሞቹን ነው፣ ሣር ሲግጡ። እኔ ነኝ ያጎደልኩት። ወተቱ ይቅርብኝ፣ ወረቀቱን ብቻ ይስጡት።»

ወንድይፍራው ሳቀ።

«ላሞቹን እሱ ራሱ አሳይቶኛል። ወረቀቱም ዛሬ ጠዋት ተፈርሞለታል።»

እልፍነሽ ወንበር ይዛ የኤርጎን እግር እየሳመች፣ «ተመስገን ጌታዬ! ተመስገን!» አለች።

«ይህን ያህል?»

«በኔ ምክንያት ቢቀርበት ኖሮ በምን ዓይኔ አየው ነበር?»

«ኧረ በአንቺ ምክንያት ነው የተፈረመለት» አለ ወንድይፍራው። መሳቢያውን ከፍቶ ክር የተንጠለጠለበት ትንሽ ካርድ ፊቷ አኖረ። «ጠዋት እሱ ራሱ ያመጣልኝ ነው። አንብቢው እስቲ። ተምረሽ የለ?»

የንጉሤ ጽሑፍ አያስቸግርም። ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበች።

«ቅል። የሰፋው፦ ተገኝ፣ ጫማ ሰፊ፣ የእልፍነሽ ባል። ቦታው፦ ሃና። ጊዜው፦ ባለፈው ሳምንት።»