ያልተላከው ድምፅ

የእሷንና የወንድሟን የጋራ ሥራ አዲስ ቅጂ ከሰርቨሩ ወደ ላፕቶፗ ስታወርድ፣ ዓይነ ስውር እናቷ ከጎኗ ተቀምጠው ጆሯቸውን አቁመው ይጠብቁ ነበር። ከወንድሟ ጋር ሆና ለእናታቸው መልእክት እያነበበ የሚያሰማ ፕሮግራም ትሠራ ነበር፤ ሁለቱም በየላፕቶፓቸው የሠሩትን ወደ ሰርቨሩ ይልኩና አንዱ የሌላውን ከዚያ ያወርድ ነበር። ወንድሟ በመኪና አደጋ በሞተበት ቀን ጠዋት፣ «ቃላቱን በሙሉ በራሴ ድምፅ ቀድቻለሁ፤ ዛሬ እልከዋለሁ» ብሏት ነበር። የእሱ ላፕቶፕ ከመኪናው ጋር ተቃጥሏል። ከዚያ በፊት ልኮት ይሆን?

ማውረዱ አለቀ። የድምፅ ፎልደሩን ስትከፍተው ባዶ ነበር። ቅጂውን አጥፍታ እንደገና አወረደችው። አሁንም ባዶ ነው።

«ገባልሽ?» አሉ እናቷ፣ ፊታቸው በርቶ። «እስቲ ‹እማዬ› ሲል አሰሚኝ።»

«አልላከውም፣ እማዬ።»

እናቷ ላፕቶፑን በዳበሳ ፈልገው አገኙትና፣ ትኩሳት የያዘውን ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው መዳፋቸውን ቀስ ብለው አሳረፉበት።

«እንዳትቀየሚው» አሉ። «ጊዜ አጥቶ ነው እንጂ፣ የኔ ልጅ እኔን አይረሳም።»